የቀንዳሙ ጆይስቲክ ታፔላ

ቅዳሜ፣ የካቲት 7፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የዶሮ ቤት ጣሪያ ላይ ሥዕል ያለበት ላሜራ ወረደ። ላሜራው የድሮ ጌም ቤት ታፔላ ነበር። የተሣለው ፊቱ ወደ ዶሮዎቹ ዞሮ ስለኖረ ፀሐይ አላገኘውም። ቀዩ እንደ ቀላ፣ ሰማያዊውም ሰማያዊ እንደሆነ ነው። ሲወርድ ያየነው አራት ሰዎች ነን፤ የዶሮዎቹ ባለቤት እትዬ ከድጃ፣ ሁለት ጎረቤቶቻቸው እና እኔ።

በዜና ሥራ ላይ ስኖር ጮኼ አላውቅም። የጎርፍ ዜና ሠርቻለሁ፣ የገበያ ቃጠሎ ሠርቻለሁ፣ ስብሰባ ሲረበሽ መሃሉ ላይ ቆሜ ቀርጫለሁ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ አያውቅም። ያን ቀን ግን ጮኽኩ። እትዬ ከድጃ ክው አሉ።

«ምነው እህት ዓለም! እባብ አለበት እንዴ?»

«የለበትም፣ እትዬ። ቀንዳሙ ነው!»

«በሬ ጣሪያዬ ላይ ምን ይሠራል?» አሉና ጎረቤቶቻቸውን አዩ። ሁሉም ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ራሒማ እባላለሁ። የሬዲዮ ዘጋቢ ነበርኩ። ደሴ ጀመርኩ፣ ኮምቦልቻ ብዙ ዓመት ተመደብኩ፣ ተመልሼ ደሴ ላይ ጡረታ ወጣሁ። ስለ ደመወዙና ስለ ጡረታው የማይታወቅ ነገር ስለሌለ አልናገርም። መናገር የምፈልገው ከዘጋቢነቱ ጎን ለጎን ስለያዘኝ፣ ከጡረታ በኋላ ደግሞ ሙሉ ሥራዬ ስለሆነው ነገር ነው። የድሮ ጌም ቤቶችን ታፔላ እሰበስባለሁ። ግድግዳቸው ላይ የነበረውን ፖስተር፣ በራቸው ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ፣ አስመጪዎች ከማሽኑ ጋር ይልኩት የነበረውን ስቲከርና ካላንደርም እሰበስባለሁ።

ዛሬ ጌም በሁሉም ሰው ስልክ ውስጥ አለ። ያኔ ለመጫወት ጌም ቤት መሄድ ግድ ነበር። ጌም ቤት ማለት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ቀን ጨለማ እንዲሆን በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ። ከመጋረጃው በላይ ታፔላ። ታፔላው በማሽን አይታተምም፤ ሰው በእጁ ይሥለዋል። ስልኩ መጣ፣ ጌም ቤቶቹ ተዘጉ፣ ታፔላዎቹም ወይ ለአጥር ወይ ለጣሪያ ሄዱ።

የጀመርኩት ኮምቦልቻ ነው። የቅርንጫፉ ኃላፊ አንድ ቀን ጠራኝና ወላጆች አቤቱታ እያቀረቡ መሆኑን ነገረኝ፤ ጌም ቤቶች ተማሪዎችን ከክፍል እያስቀሩ ነው ተብሏል። ሄጄ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ሻሽ ያሰረች ሴት ስትገባ ቤቱ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ፤ በቴሌቪዥኑ የተከፈተው የኳስ ጨዋታ ተመልካች ብቻ ያጨበጭባል። ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «ዩኒፎርም ለብሶ መግባት በጥብቅ ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። ከጽሑፉ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ የተቀመጡት በሙሉ ዩኒፎርም ለብሰዋል።

ባለቤቱን ምን እንደሚል ጠየቅኩት።

«እኔ ለጥፌያለሁ፣ እትዬ» አለኝ። «ማንበብ የነሱ ፋንታ ነው።»

ዜናው ተላለፈ። ባለቤቱ ቅር ይለዋል ብዬ ስጠብቅ፣ ድምፁ በሬዲዮ ስለተሰማ ኮርቶ ጠበቀኝ። ማስጠንቀቂያውንም በአዲስ ሲተካ አሮጌውን ጠቅልሎ ሰጠኝ። በእጅ የተጻፈ፣ ጥጉ በሻይ የተነካ ካርቶን ነው። ከሰበሰብኩት ሁሉ የመጀመሪያው እሱ ነው። እስከ ዛሬ ሳየው ያቺ ክፍል በአንድ ጊዜ ጸጥ ስትል ይሰማኛል።

ጋሽ ተፈራ የደሴው ዜና ክፍል አዘጋጅ ነበሩ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንዱ ጫፉ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ የሆነ እርሳስ ነበራቸው። ዜና ስንሰጣቸው አስቀድመው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ከዚያ ዘጋቢው ራሱ ያየውን በሰማያዊ፣ የሰማውን በቀይ ያሰምሩበታል። ወረቀቱ ሁሉ ቀይ ከሆነ ይመልሱታል። አይቆጡም። «ራሒማ፣ ይሄን ማን አየ?» ብቻ ነው የሚሉት። አንድ ጊዜ «ሕዝቡ» ብዬ መለስኩላቸው።

«እንግዲያ ሕዝቡን አምጪልኝ» አሉኝ። «ሻይ እጋብዘዋለሁ።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ስህተት ሲያገኙ ለመሰረዝ አይቸኩሉም፤ ይከተሉታል። አንድ ክረምት ሦስት የወረዳ ዘጋቢዎች ስለ አንድ የተሰበረ ድልድይ ዜና ላኩ። ሦስቱም ወንዙን በተሳሳተ ስም ጠርተውታል። ስሙን ልሰርዝ ስል እጄን ያዙኝ።

«ትክክለኛውን ስም ሦስቱም ለየብቻቸው ሊያገኙት ይችላሉ» አሉ። «አንድ ዓይነት ስህተት ግን ለየብቻ አይገኝም። አንዱ ጽፎታል፣ ሁለቱ ቀድተውታል። የጀመረውን ፈልጊ።»

ፈለግኩ። ድልድዩ ድረስ የሄደው አንዱ ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ቢሮ ቁጭ ብለው ከሱ ገልብጠዋል።

ታፔላ ስሰበስብም የምሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ማን ሣለው፣ የት ተሰቀለ፣ ማን አየው ብዬ እጠይቃለሁ። የሠዓሊውን ስም ለመጻፍ ሁለት ምስክር እፈልጋለሁ። ከሁለቱ አንዱ ሰው ካልሆነ ዕቃው ራሱ መመስከር አለበት። ዕቃ ብዙ ይናገራል። ለምሳሌ ፖስተር ፀሐይ ሲመታው መጀመሪያ ቀዩ ይሄዳል፣ ከዚያ ቢጫው፤ መጨረሻ ላይ ሰማያዊ ብቻ ይቀራል። ሰማያዊ የሆነ ፖስተር በር ላይ ኖሯል ማለት ነው፤ ቀዩ ያለው ደግሞ ከመጋረጃው በስተጀርባ ነበር። ላሜራም እንዲሁ ነው። ጠርዙን አይቼ ስንት ጊዜ ከምስማር እንደወረደ እናገራለሁ። በጥርብ ድንጋይ ግድግዳ ላይ የኖረና በጭቃ ቤት ላይ የኖረ ጀርባቸው አንድ አይደለም።

ስለ ቀለሙ ያስተማሩኝ ጋሼ እንድሪስ ናቸው። በደሴ የታወቁ ታፔላ ጻፊ ነበሩ። ላሜራው መጀመሪያ ዝገት መከላከያ ይቀባል፤ ከዚያ መደቡ፤ ከዚያ ክር በኖራ ነክረው በሁለት ጫፍ ወጥረው ይለቁታል፤ ላሜራውን ሲመታ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ይተዋል። ፊደሉ በዚያ ላይ ይቆማል። ጥቁር ቀለም ሲጠፋ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረው ከሰሉን አድቅቀው በዘይት ይለውሱ ነበር። እንዲህ የተሠራ ጥቁር ከሱቅ ከተገዛው ይለያል፤ አያብለጨልጭም። ዛሬ ከሩቅ አውቀዋለሁ።

አሁን ወደ ቀንዳሙ ልምጣ።

ጆይስቲክ ተጫዋቹ በሁለት እጁ የሚይዘው መምሪያ ነው። ሲሣል ሁለቱ እጀታዎች ወደ ታች፣ ገመዱ ወደ ላይ ይሆናል። በማንኛውም ፖስተር ላይ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ ሳለሁ ግን አንድ ታፔላ ላይ ተገልብጦ አየሁት። እጀታዎቹ እንደ ቀንድ ወደ ላይ ቆመዋል፤ ገመዱ ከታች እንደ ጅራት ተንጠልጥሏል። ሠዓሊው ተሳስቷል ብዬ አለፍኩት። በወሩ ሐርቡ ላይ ሁለተኛ አየሁ። እሱም የተገለበጠ ነው፤ ቀንዶቹ ግን ረዘም ብለዋል። ከዚያ ደጋን ላይ፣ መንገዱ ዳር፣ ሦስተኛውን አገኘሁ። የደጋኑ ሠዓሊ ጆይስቲክ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ቁልፎቹን ዓይን አድርጓቸዋል፤ መሃሉ ላይ አፍንጫ ጨምሮበታል። ቁርጥ በሬ ነው። ከሥሩ «ዘመናዊ ጌም» ይላል።

መንገዱ ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ የጋሽ ተፈራ ድልድይ ትዝ አለኝና ሳቄን አቆምኩ። አንድ ዓይነት ስህተት፣ ሦስት ከተማ። አንዱ ሥሎታል፣ ሌሎቹ ቀድተውታል። የጀመረው ማነው?

እንደዚያን ቀን ተደስቼ የሠራሁት ዜና ትዝ አይለኝም። ይሄ ደግሞ ዜና እንኳ አልነበረም። ኃላፊዬ ሲሰማ «ራሒማ፣ ሰው የዘይት ዋጋ ነው የሚጠይቀን» አለኝ። ልክ ነበር። በዕረፍት ቀኔ ቀጠልኩበት።

የሐርቡውን አጣሁት፤ እንዴት እንዳጣሁት ልንገር። ጌም ቤቱ ሲዘጋ ባለቤቱ ታፔላውን ሰጠኝ። ቀኑ ሞቃት ነበር፤ የሐርቡን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። በስተግራ ከታች ጥጉ ላይ አቧራ የሸፈነው ትንሽ ጽሑፍ አለ። ስም ይመስላል። ቤቴ ወስጄ በለስላሳ ብሩሽ አጽድቼ አነበዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። መንገድ ላይ እንዳይፋቅ በላስቲክ ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኩትና ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አሰርኩት። ደሴ ደርሼ ላስቲኩን ስገልጠው ቀለሙ አብሮ ተነሣ። ሙቀቱ ቀለሙን አልስልሶ ከላስቲኩ ጋር አጣብቆታል። እጄ ላይ የቀረው ባዶ ላሜራ ነው። በላስቲኩ ላይ የተጣበቀውን ለማንበብ በብርሃን ፊት ያዝኩት፤ ተሰባብሯል። ፎቶ አላነሣሁም ነበር። ጽሑፉ የማን ስም እንደነበር አላውቅም፤ ወደፊትም አይታወቅም። ከዚያ ወዲህ ላሜራ የምጠቀልለው በአቡጀዲ ነው፤ ከምስማሩ ሳላወርድ ፎቶ አነሣለሁ።

የቀሩኝ የኮምቦልቻውና የደጋኑ ናቸው። ሁለት ሰዎች ደግሞ «ቀንዳሙን የጀመርኩት እኔ ነኝ» ይላሉ።

አንደኛው ሰይድ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የባነር ማተሚያ አለው። የኮምቦልቻውን ቀንዳም እሱ እንደሣለው አከራካሪ አይደለም፤ የጌም ቤቱ ባለቤትም ጎረቤቱም መስክረዋል። ሰይድ የመጀመሪያው ይሄ ነው ይላል። ሁለተኛው ሰይድን ብሩሽ ያስያዙት ጋሼ እንድሪስ ናቸው። እሳቸው የመጀመሪያውን ደሴ ቧንቧ ውሃ ላይ፣ ያሲን ለሚባል ሰው ጌም ቤት እንደሣሉት ይናገራሉ። ያሲን ዓረብ አገር ሄዷል፤ አድራሻውን የሚያውቅ አላገኘሁም። ታፔላውም የለም። ከደሴ ቢጀምር በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐርቡና ደጋን ይወርዳል፤ ከኮምቦልቻ ቢጀምርም እዚያው ይደርሳል። መንገዱ አይፈርድም።

የዛሬ ወር አካባቢ ሁለቱን ሰይድ ሱቅ ውስጥ አገናኘኋቸው። በኮምቦልቻ የወጣቶች አዳራሽ የስብስቤን ትርኢት ልንከፍት ነበር፤ ረመዷን ሳይገባ መጠናቀቅ ነበረበት። በየታፔላው ሥር የሚቀመጠውን መግለጫ የሚያትመው ሰይድ ነበር።

«ጋሼ» አለ ሰይድ፣ ለአስተማሪው ወንበር እየሳበ፣ «ደሴ ላይ በዚያ ብርድ ቀለም መቼ ይደርቅና ነው? እኔ እዚህ ሦስት ጨርሼ ስሰቅል እርስዎ የመጀመሪያውን ጋቢ አልብሰው ይጠብቁ ነበር።»

«አንተ ልጅ፣ የዚህ አገር ሙቀት አናትህን አቅልጦታል። ብሩሽ ማን አስያዘህ?»

«እርስዎ። አልካድኩም። ወላሂ አልካድኩም! ቀንዳሙ ግን የኔ ነው።»

«ለምን ገለበጥከው እስቲ?»

ሰይድ ትንሽ አሰበ። «ተጫዋች ፊት ለፊት ቆሜ ነዋ ያየሁት። ከፊት ሲያዩት ተገልብጦ ይታያል። ተሳሳትኩ፤ አማረብኝ።»

«እኔ አልተሳሳትኩም» አሉ ጋሼ እንድሪስ። «እኔ የገለበጥኩት ለገመዱ ነው። እውነተኛ ገመድ ነበረው! ከላሜራው ወጥቶ በሩ ድረስ ይንጠለጠላል። የሚገባ ሁሉ እየነካው ይገባል። ገመዱ ወደ ታች እንዲወርድ ጆይስቲኩ መገልበጥ ነበረበት።»

ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ ራሒማ፣ ይሄን ገመድ ማን አየ?»

የራሴን ጥያቄ ነበር የጠየቀኝ።

ከሱቁ ስወጣ ጋሼ እንድሪስ እስከ በር ሸኙኝ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ የሚሄዱት ግድግዳ እየዳሰሱ ነው። ደሴ ላይ ስንት ሱቅ፣ ስንት ምግብ ቤት፣ ስንት ፀጉር ቤት ታፔላ ጽፈዋል፤ ዛሬ ሁሉም ባነር ሆኗል፤ የእሳቸው እጅ ያረፈበት አንድም የቀረ የለም።

«ልጆቼ አባታችን ሠዓሊ ነበር ይላሉ» አሉኝ። «የታለ ሲሏቸው የሚያሳዩት የለም። አንድ ነገር ላይ ስሜን ጻፊልኝ። ቀንዳሙ ላይ።»

«ጋሼ፣ ያለኝ ምስክር አንድ ነው። እሱም እርስዎ ነዎት።»

«እኔ አልበቃም?»

«አይበቁም።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አብሽሪ» አሉ። «ሥራሽ ነው።»

የቀንዳሙ መግለጫ «የመጀመሪያው ሠዓሊ አልተረጋገጠም» ተብሎ ታተመ።

ከዚያ በኋላ በቧንቧ ውሃ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። ያሲን የተከራየውን ቤት አሳዩኝ፤ ዛሬ ልብስ ሰፊ ይሠራበታል። ታፔላውን ያስታወሰ ሰው ሲገኝ ገመዱን አያስታውስም፤ ገመድ ያስታወሰ ሰው ደግሞ የመብራት ገመድ ነው የሚለኝ። ትርኢቱ እሑድ ሊከፈት ቅዳሜ ጠዋት ለቤቴ እንቁላል ልገዛ ወደ እትዬ ከድጃ ግቢ ገባሁ። እንደ ልማዴ እሳቸውንም ጠየቅኩ። ድሮ ከጌም ቤት የወረደ ላሜራ፣ እንደ ብዙዎቹ ታፔላዎች ኳስ ተጫዋች የተሣለበት፣ አይተው ያውቁ እንደሆነ።

ሳቁ። «የኔ ዶሮዎች ኳስ ሲያዩ ነው የሚያድሩት፤ ለዚያ ነው እንቁላል የቀነሱት!»

«እንዴት ማለት?»

«ጣሪያቸው ላይ ነዋ። ግቢና እይ።»

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ዶሮዎቹ ተንጫጩ። ቀና ስል ከራሴ በላይ ሁለት ተጫዋቾች ኳስ ይሻማሉ፤ በመሃላቸው ጆይስቲኩ ቀንዱን አቁሟል። ተጫዋቾቹ ወደ ውስጥ ዞረዋል፤ የሚታየው ጀርባቸውና የማሊያቸው ቁጥር ነው።

እትዬ ከድጃ መጀመሪያ ይውረድልኝ ስል እሺ አላሉም። «ጭላት እዚያች ዛፍ ላይ ተቀምጦ እያየን ነው» አሉ። «ጣሪያው ከተነሣ ጫጩቶቼን አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። አዲስ ቆርቆሮ ይቅደም።» ልክ ነበሩ። ወደ ገበያ ሮጬ ቆርቆሮ አስጭኜ እስክመለስ ልቤ አላረፈም። ስንት ዓመት የጠበቀ ላሜራ በዚያች ሰዓት የሚጠፋ መሰለኝ። ስመለስ እዚያው ነበር። መጀመሪያ ባለበት ፎቶ አነሣሁት። ከዚያ ጎረቤቶቹ ምስማሩን ነቀሉ፣ ላሜራውም ወረደ፤ እኔም ጮኽኩ።

አቡጀዲ አንጥፌ አስተኛሁት። በደረቅ ብሩሽ አቧራውን አነሣሁ። ጥቁሩ አያብለጨልጭም፤ የባትሪ ድንጋይ ነው። ፊርማ የለውም። ከጆይስቲኩ ሥር፣ ገመዱ መጀመር ያለበት ቦታ ላይ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች።

እዚህ ላይ ራሴን ያዝኩ። የዶሮ ቤት ጣሪያ ላይ ቀዳዳ መገኘቱ አያስገርምም።

«እትዬ፣ ይቺን የበሳው ማነው?»

«ሲሰጠኝም ነበረች። ያ የጌሙ ልጅ ሲሄድ ነው የሰጠኝ፤ ያሲን። ክረምት በመጣ ቁጥር በሳሙና ስደፍናት ነው የኖርኩት።»

ጎንበስ ብዬ ጠርዟን አየሁ። ቀዩ ቀለም በቀዳዳዋ ውስጥ ገብቶ ጠርዙን ሸፍኗል። ቀዳዳዋ ከቀለሙ በፊት ነበረች፤ የበሳት ራሱ ሠዓሊው ነው።

«ሲሰጥዎት በቀዳዳዋ ውስጥ ያለፈ ነገር ነበር?»

«ገመዱ?» አሉ እትዬ ከድጃ፣ የማውቀውን እንደጠየቅኳቸው ሁሉ። «ቆርጬ ልብስ ማስጫ አደረግኩት። ያውልሽ።»

ቀና አልኩ። ከዶሮ ቤቱ ጥግ እስከ አጥሩ እንጨት ድረስ ጥቁር ገመድ ተወጥሯል፤ የልጅ ሹራብና ሁለት ፎጣ ተሰጥተውበታል። ጠዋት ስገባ በሥሩ ጎንበስ ብዬ ነበር ያለፍኩት። አንደኛው ጫፉ ላይ ከጆይስቲክ ጋር የሚያያዝበት ጠንካራ ላስቲክ እንዳለ ነው።

ስደውል ጋሼ እንድሪስን ልጃቸው ይዟቸው መጣ። ስላገኘሁት ነገር አልነገርኳቸውም። ላሜራውን በአቡጀዲ ሸፍኜ፣ ቀዳዳው የት እንደነበር ብቻ ጠየቅኳቸው። በአየር ላይ አራት ማዕዘን ሠሩ፤ ከዚያ በጣታቸው ነጥብ አሳዩኝ፤ ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ፣ ከታች። «በሩ በግራ ስለነበር ነው» አሉ። «ጠርዙ ገመዱን እንዳይቆርጠው ሦስት ጊዜ ቀባሁት።»

አቡጀዲውን ገለጥኩት። እጃቸውን ይዤ ላሜራው ላይ አኖርኩላቸው። ጣታቸው ከቀንዱ ወደ ታች ወረደ፣ ቀዳዳዋን አገኘ፣ እዚያው ቆመ።

«ያረቢ» አሉ። «ዶሮ ቤት?»

«ከነገመዱ፣ ጋሼ» አሉ እትዬ ከድጃ። «ፎጣዬን ላንሣልዎት።»

ሰይድ ከኮምቦልቻ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ላሜራውን ረጅም ጊዜ አየ። ትንሿን ጣቱን በቀዳዳዋ ከተተ። ገመዱን ገለባብጦ አየ። ጠርዟን በስልኩ መብራት መረመረ፤ እኔ የማደርገውን ሁሉ አደረገ።

«ይሄን አይቼዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «እዚሁ ደሴ። ገመዱ ሳይሰቀል ይሁን ሳላስተውለው ቀርቼ አላውቅም፤ ሥዕሉን ግን አይቼዋለሁ። ይሄን ሁሉ ዘመን ከራሴ ያመጣሁት ይመስለኝ ነበር።»

ጋሼ እንድሪስ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ነገርኩህ። ሙቀቱ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ሰይድ ነው። ከዚያ ስልኩን አወጣና ማተሚያው ውስጥ ላለው ሠራተኛ ደወለ። የቀንዳሙን መግለጫ አውጥቶ እንዲጥለው፣ ማሽኑንም እንዳያጠፋ ነገረው።

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በኮምቦልቻ የወጣቶች አዳራሽ ትርኢቱ ተከፈተ። የደጋኑ በሬ በግራ፣ የኮምቦልቻው በቀኝ፣ የቧንቧ ውሃው መሃል ላይ ተሰቀለ። ጋሼ እንድሪስ ከልጃቸው ጋር ገብተው መሃለኛው ፊት ቆሙ። መግለጫው ምን እንደሚል ጠየቁ። ሰይድ ቀረብ ብሎ አነበበላቸው።

«የጌም ቤት ታፔላ። በላሜራ ላይ የዘይት ቀለም፣ የጆይስቲክ ገመድ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ። ሠዓሊ እንድሪስ ይማም።»

«ድገመው» አሉት።

ሰይድ ደገመው።